ሁለት ወራሾች፣ አንድ ሟች

ዘጠና ዓመት የኖረው የስፔኑ ዩዲ ሳላማንካ በ2013 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፈረሰ። ስታዲየሙ ተሸጠ፤ ስሙም ገዢ አገኘ። ደጋፊው ግን የሚሸጥ አልነበረም። የአንድ ክለብ አሟሟትና ከሞቱ በኋላ የተነሣው የውርስ ክርክር ይህን ይመስላል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በምዕራብ ስፔን፣ ከሳላማንካ ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ሳሞራ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ሁለት ሜዳዎች ጎን ለጎን ይገኛሉ። አንደኛው አሥራ ሰባት ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው፤ ኤልማንቲኮ ይባላል። ሌላው የመሮጫ መም የከበበው፣ አትሌቶች የሚለማመዱበት ትንሽ ሜዳ ነው። ስሙም ሥራውን ይናገራል፤ ላስ ፒስታስ፣ ማለትም የመሮጫ ሜዳው።

ጃንዋሪ 22 ቀን 2020 ምሽት ላይ ሪያል ማድሪድ ለንጉሡ ዋንጫ ጨዋታ ወደዚያ ሄደ። የተጫወተው ግን በትልቁ ስታዲየም አይደለም። በመሮጫ ሜዳው ነው። ለዚያች ምሽት ሲባል ተጨማሪ ጊዜያዊ መቀመጫ ተተከለ። ብርዱ የካስቲያ አምባ ብርድ ነው፤ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ከመሙ ማዶ የቆመው ሕዝብ ነጭና ጥቁር ሻርፕ ጠምጥሟል።

ጋሬዝ ቤል ለማድሪድ ቀዳሚዋን ግብ አስቆጠረ። ከዕረፍት መልስ አልቫሮ ሮሜሮ የተባለ የሜዳው ባለቤት አጥቂ አቻ አደረገ። ለጥቂት ደቂቃዎች ያ ትንሽ ሜዳ የሚናወጥ መሰለ። በመጨረሻ ማድሪድ 3 ለ 1 አሸነፈና ሄደ። ሕዝቡ ግን አልተበተነም፤ የተሸነፈው ቡድን ሜዳውን እስኪለቅ ድረስ ቆሞ አጨበጨበለት።

የተሸነፈው ቡድን ኡኒዮኒስታስ ዴ ሳላማንካ ይባላል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና ሰባት ዓመት አልሞላም። ላሊጋን በቴሌቪዥን የሚከታተል የእኛ አገር ተመልካች ምናልባት ያን ጨዋታ ያስታውሰው ይሆናል። ትልቅ ክለብ ትንሽ ሜዳ ላይ ሲቸገር ማየት ሁልጊዜም ያጓጓልና። ብዙ ሰው ልብ ያላለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አሥራ ሰባት ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሳለ፣ እነዚህ ሰዎች በመሮጫ ሜዳ ላይ ማድሪድን የተቀበሉት ለምንድን ነው?

መልሱ ከአንድ ሞት ይጀምራል።

ወርቃማ ድንጋይ፣ ነጭ ማሊያ

ሳላማንካ የተማሪ ከተማ ነች። ዩኒቨርሲቲዋ በ1218 የተመሠረተ ሲሆን እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት የስፔን ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። የአሮጌው ከተማ ሕንጻዎች የታነጹት ቪያማዮር ከሚባል የአቅራቢያ መንደር በሚወጣ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከመሬት ሲወጣ ለጠራቢ የሚመች ለስላሳ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉበት ደግሞ ወደ ወርቅማ ቀለም ይለወጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማው በሙሉ የጧፍ ብርሃን ያረፈበት ይመስላል።

በዩኒቨርሲቲው የፊት ለፊት ግድግዳ ላይ፣ ከሺህ ጌጦች መካከል፣ በራስ ቅል ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ እንቁራሪት ተቀርጻለች። ያለ ጠቋሚ ያገኛት ተማሪ ፈተናውን ያልፋል ይባላል። ከዚያ ጥቂት እንደተራመዱ ፕላዛ ማዮር የተባለው ታላቅ አደባባይ ይገኛል። የከተማው ሰው ሲቀጣጠር «ሰዓቱ ሥር» ካለ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ የአደባባዩ ሰዓት ማለት ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍም ሕዝቡ ተሰብስቦ የሚጨፍረው እዚያው ነበር።

ኳስን ወደዚህች ከተማ ያመጡት የአየርላንድ ተማሪዎች ናቸው ሲባል ይተረካል። ካቶሊኮቹ አየርላንዳውያን በአገራቸው ለክህነት መማር በተከለከሉበት ዘመን፣ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ ሳላማንካ ውስጥ የራሳቸው ኮሌጅ ነበራቸው። ወጣቶቹ ከጸሎትና ከላቲን ትምህርት ሲወጡ ኳስ ያንከባልሉ ነበር፤ የከተማው ልጆችም እያዩ ለመዱ።

ኡኒዮን ዴፖርቲቫ ሳላማንካ፣ ባጭሩ ዩዲ ሳላማንካ፣ የተመሠረተው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1923 ነው። ማሊያው ነጭ፣ ቁምጣው ጥቁር። ደጋፊው ቡድኑን ኡኒዮን እያለ በቁልምጫ ይጠራዋል፤ የሌላ ከተማ ሰው ደግሞ ተጫዋቾቹን ቻሮስ ይላቸዋል። ቻሮ የሳላማንካ ገጠር ሰው ነው፤ ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ከብት አርቢ፣ ኩሩ። ስሙን የሰጣቸው ሰው ለመናቅ ቢያስብ እንኳ እነርሱ በክብር ተቀበሉት።

ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ክለቡ በታችኞቹ ሊጎች ሲወጣና ሲወርድ ኖረ። አባት ልጁን ይዞ ይሄዳል፤ ልጁ አድጎ የራሱን ልጅ ይዞ ይመጣል። በአንደኛ ሊግ መጫወት ግን ለትልልቆቹ ከተሞች የተሰጠ ዕድል ይመስል ነበር።

ኤልማንቲኮ

ኤልማንቲኮ በኤፕሪል 1970 ተመረቀ። ለምረቃው የተጋበዘው እንግዳ ከድንበሩ ማዶ የመጣው ስፖርቲንግ ሊዝበን ነበር። ስታዲየሙ ስሙን የወሰደው የጥንት ጸሐፊዎች ከተማዋን ከጠሩበት ስም ነው። ኤልማንቲካ የካርታጎው ጦር መሪ ሃኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ220 የያዛት ከተማ ነበረች። በወቅቱ በሁለተኛ ሊግ እንኳ ያልተረጋጋ ክለብ ይህን የሚያህል ስታዲየም መሥራቱ ድፍረት ነው፤ ከተማው ግን ክለቡ አንድ ቀን እንደሚያድግ አምኖ ነበር።

ብዙም አልቆየም። በ1974 ሳላማንካ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አንደኛ ሊግ አደገ፤ በመጀመሪያው ዓመትም ሰባተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያም ሰባት ተከታታይ ዓመታት ከማድሪድና ከባርሴሎና ጋር በአንድ ሊግ ቆየ።

የዚያን ዘመን ሰዎች ስለ ቡድኑ ሲያወሩ ሁለት ስሞች ከአፋቸው አይጠፉም። አንደኛው አርጀንቲናዊው ግብ ጠባቂ ሆርሄ ዳሌሳንድሮ ነው። በ1974 መጥቶ አሥር ዓመት በዚያው ማሊያ ቆመ፤ በኋላም ተመልሶ ቡድኑን አሠለጠነ። ሌላው ፖርቱጋላዊው አማካይ ጆአው አልቬስ ነው። አልቬስ በበጋም ሆነ በክረምት ጥቁር ጓንት አጥልቆ ይጫወት ነበር። ለብርድ አልነበረም። አያቱም በዘመናቸው ጥቁር ጓንት የሚያደርጉ ታዋቂ ተጫዋች ነበሩና እርሳቸውን ለማሰብ ነው። ዛሬ ሽበት የወረራቸው ደጋፊዎች ስለ እርሱ ሲጠየቁ የኳስ አመታቱን ከማውራታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ ጓንቱን ለማሳየት።

> ጓንቱ ለብርድ አልነበረም፤ ለአያቱ መታሰቢያ ነበር።

አምስት ለዜሮ

የክለቡን ታሪክ በአንድ ጨዋታ ንገረኝ የተባለ የሳላማንካ ሰው የሚመርጠው የ1995ን የአልባሴቴ ጨዋታ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቡድኑ እስከ ሦስተኛው እርከን ወርዶ ነበር። ያነሣው በፕሮፌሽናል ደረጃ ኳስ ተጫውቶ የማያውቅ ወጣት አሰልጣኝ ነው፤ ሁዋን ማኑኤል ሊልዮ። የማንቸስተር ሲቲን ተጠባባቂ ወንበር በቴሌቪዥን ያየ ሰው መልኩን ያውቀዋል፤ ከፔፕ ጓርዲዮላ አጠገብ ይቀመጥ የነበረው ሰው ነው። ጓርዲዮላ በተጫዋችነት ዘመኑ ማብቂያ ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ የተጫወተው በሊልዮ ሥር ለመማር ብሎ ነበር። ሳላማንካ ግን ይህን ሰው ያወቀችው ዓለም ሳያውቀው በፊት ነው።

ሊልዮ ቡድኑን ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ሊግ አወጣው። በሚቀጥለው ዓመት ለአንደኛ ሊግ መግቢያ ከአልባሴቴ ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ደረሰው። ኤልማንቲኮ በሕዝብ ተሞልቶ ሳለ ሳላማንካ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ብዙው ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። በመልሱ ጨዋታ፣ በአልባሴቴ ሜዳ፣ ተጨማሪ ሰዓት ታክሎ ሳላማንካ 5 ለ 0 አሸነፈ። ሊልዮ በ29 ዓመቱ በላሊጋ ታሪክ ከሁሉ በዕድሜ ያነሰ አሰልጣኝ ሆነ።

በዚያው ክረምት የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ከዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ከጨዋታው ይልቅ የሚያሳስበው እርሱ ነው። ሴቪያና ሴልታ ቪጎ በሕግ የሚጠየቅባቸውን የገንዘብ ዋስትና ስላላሟሉ ወደ ሦስተኛው እርከን እንዲወርዱ ተወሰነ። የእነርሱ ቦታ ለወረዱት ለቫያዶሊድና ለአልባሴቴ ተሰጠ። የሴቪያና የቪጎ ሕዝብ ጎዳናውን ሞላ። ባለሥልጣናቱ ተጨነቁ፤ ውሳኔው ተነሣ። ቦታ የተሰጣቸውም እንዳይነጠቁ ሊጉ ወደ 22 ክለብ እንዲሰፋ ተደረገ። በአምስት ግብ የወደቀው አልባሴቴ በዚህ ምክንያት አንደኛ ሊግ ውስጥ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ነገሩ የሁሉም ደስታ መስሎ ነበር። ሳላማንካ ግን አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ የራሱ ተራ ሲደርስ የሚያነሣው እጅ አላገኘም። ትልቅ ከተማ ሲያለቅስ ሕግ ይለሳለሳል፤ ትንሽ ከተማ ሲያለቅስ ሕግ ሕግ ነው።

ከድንበር ማዶ የመጡ ልጆች

ከሳላማንካ እስከ ፖርቱጋል ድንበር ያለው መንገድ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ክለቡ ይህን ቅርበት ተጠቅሞበታል። በ1996 ፓውሌታ የሚባል አጥቂ ከፖርቱጋል ታችኛ ሊግ መጣ። በአገሩ አንደኛ ሊግ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተጫወተም፤ ዕድሜውን ሙሉም አልተጫወተም። ይህ ሰው በኋላ ኤውሴቢዮን አልፎ፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ እስኪመጣ ድረስ፣ 47 ግብ ይዞ የፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆኖ ቆየ። በዚያው ዓመት በውሰት የመጣ ቀኝ ተከላካይም ነበር፤ በሪያል ማድሪድ ሁለት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያነሣው ሚቼል ሳልጋዶ።

በ1997 ቡድኑ እንደገና አንደኛ ሊግ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ሻምፒዮን የሆነው የሉዊ ቫን ሃል ባርሴሎና ኤልማንቲኮ መጥቶ ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። በካምፕ ኑም ሳላማንካ 4 ለ 1 አሸነፈ። ሻምፒዮኑን በደርሶ መልስ ያሸነፈው ይህ ቡድን ራሱ ሊጉ ውስጥ ለመቆየት የሚታገል ነበር።

በ1999 ወረደ። ከዚያ በኋላ ወደ አንደኛ ሊግ አልተመለሰም። በአጠቃላይ አሥራ ሁለት ዓመት በላሊጋ ተጫውቷል። ደጋፊዎች ይህን ቁጥር ሲጠሩ በኩራትና በሐዘን መካከል ሆነው ነው።

ክለብ እንዴት ይሞታል?

ሰው ሲታመም ምልክቱ ይታያል። የክለብ በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ አይታይም፤ በመዝገብ ውስጥ ነው የሚኖረው።

እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ የስፔን ክለቦች የአባላት ማህበር ነበሩ። አባሉ መዋጮ ይከፍላል፤ ፕሬዚዳንቱን ይመርጣል። ነገር ግን ፕሬዚዳንቶች በሰው ገንዘብ ተጫዋች እየገዙ፣ ዕዳውን ለተተኪ እየተዉ ይሄዱ ነበር። ይህን ለማስቆም በ1990 የወጣው የስፖርት ሕግ ፕሮፌሽናል ክለቦች ወደ አክሲዮን ማህበርነት እንዲለወጡ አስገደደ። ከዚህ ግዴታ ነጻ የወጡት ሒሳባቸው ጤነኛ የተባሉ አራት ክለቦች ብቻ ናቸው፤ ሪያል ማድሪድ፣ ባርሴሎና፣ አትሌቲክ ቢልባኦና ኦሳሱና። እነዚህ አራቱ እስከ ዛሬ በአባላት እጅ ናቸው።

የሕጉ ሐሳብ ጥሩ ነበር። ባለአክሲዮን የራሱን ገንዘብ ስለሚያወጣ ይጠነቀቃል የሚል ነው። በትልልቅ ከተሞች ባለሀብት ሲሄድ ሌላ ባለሀብት ይመጣል። እንደ ሳላማንካ ባለ የመምህራን፣ የተማሪዎችና የገበሬዎች ከተማ ግን አክሲዮኑ በጥቂት ሰዎች እጅ ይሰበሰባል፤ እነርሱ ሲሰለቹ ወይም ሲከስሩ የሚቀበላቸው የለም። ደጋፊው ደግሞ በአንድ ቀን ከባለቤትነት ወደ ደንበኝነት ወረደ። ቲኬት ይገዛል፤ ድምፅ ግን የለውም።

> ደጋፊው በአንድ ቀን ከባለቤትነት ወደ ደንበኝነት ወረደ።

በዚህ ላይ የቴሌቪዥን ገንዘብ ይጨመራል። እስከ 2015 ድረስ በስፔን እያንዳንዱ ክለብ የቴሌቪዥን መብቱን በተናጠል ይሸጥ ስለነበር የአንበሳውን ድርሻ ሁለቱ ኃያላን ይወስዱት ነበር። ከአንደኛ ሊግ የወረደ ክለብ ገቢው በአንድ ጊዜ ይደርቃል፤ የተጫዋቾቹ ውል ግን ባለበት ይቆያል። አመራሩ በሚቀጥለው ዓመት እናድጋለን በሚል ተስፋ ይበደራል። ካላደገ የተጫዋች ደመወዝ ይዘገያል፤ የመንግሥት ግብር ይወዘፋል፤ የሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና ክፍያ ይቆማል።

የኪሳራ ሕግ የሚባለው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ክለቡ መክፈል እንዳቃተው አምኖ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ዳኛው አስተዳዳሪ ይሾሙለታል፤ አበዳሪዎች ከዕዳው የተወሰነውን ትተው ቀሪውን በጊዜ ሒደት ለመቀበል ከተስማሙ ክለቡ ይተርፋል። ብዙ የስፔን ክለቦች በዚህ መንገድ ተርፈዋል። ስምምነቱ ካልተገኘ ወይም ክለቡ የገባውን ቃል መፈጸም ካልቻለ ግን አንድ ቃል ብቻ ይቀራል፤ ማጣራት። የቀረው ንብረት ይሸጣል፤ ድርጅቱ ይፈርሳል።

ሳላማንካ በዚህ መንገድ የሄደ የመጀመሪያው አይደለም። ሲዲ ማላጋ በ1992፣ ሜሪዳ በ2000፣ ሎግሮኜስ በ2009፣ ዬዳ በ2011 እንዲሁ ጠፍተዋል። ሁሉም ላሊጋ ውስጥ የተጫወቱ ክለቦች ናቸው፤ ሁሉም የአንድ ከተማ እሑድ ነበሩ።

ጁን 18

በ2011 ሳላማንካ ከሁለተኛ ሊግ ወረደ። በሦስተኛው እርከን ያን ሁሉ ዕዳ የሚሸከም ገቢ የለም። ክለቡ በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ሁለት ዓመት ተንገታገተ። ጁን 18 ቀን 2013 እንዲፈርስ ተወሰነ። ዘጠናኛ ዓመቱን ካከበረ ገና ወራት ነበሩት።

የዕዳውን ቁጥር ለሒሳብ ሰዎች እንተወው። በከተማው የነበረውን ስሜት ግን የሚያስረዳ አንድ ነገር አለ። በእግር ኳስ መሸነፍ የተለመደ ነው፤ መውረድም የተለመደ ነው። ደጋፊ ለሁለቱም መጽናኛ ያውቃል፤ «ለከርሞ» ይላል። ሳላማንካ ውስጥ በዚያ ክረምት የጠፋው ይህ ቃል ነው። ከርሞ አልነበረም። የዓመቱን መታወቂያ በኪሱ ይዞ ሃምሳ ዓመት የተመላለሰ ሽማግሌ፣ በመስከረም ወር እሑድ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር።

በጥድፊያ አዲስ ድርጅት አቋቁመው የአሮጌውን ቦታ በሊጉ ለማስቀጠል የሞከሩ ነበሩ። ነገሩ ወደ ክርክር አምርቶ ፌዴሬሽኑ ሳይቀበለው ቀረ። ሊጉ ያለ ሳላማንካ ተጀመረ።

ስሙን ወይስ ነፍሱን?

ሟች ሲኖር ወራሽ አይጠፋም። ሳላማንካ ውስጥ ሁለት ወራሾች ተነሡ።

የመጀመሪያው በአሮጌው ክለብ ሥር በነበረው የወጣቶችና የተጠባባቂ ቡድን በሳልማንቲኖ በኩል መጣ። የሜክሲኮ ባለሀብት ገንዘብ አስገቡ፤ ኤልማንቲኮና የአሮጌው ክለብ ምልክት በእርሳቸው ወገን እጅ ገቡ። ቡድኑ ነጩን ማሊያ ለብሶ በትልቁ ስታዲየም መጫወት ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላም በስሙ ላይ «ሳላማንካ» እና የአሮጌው ክለብ ምህጻረ ቃል የሆነውን «ዩዲኤስ» አከለ።

ሁለተኛው ኡኒዮኒስታስ ነው። በኦገስት 2013፣ ክለቡ በፈረሰ በሦስተኛው ወር፣ ደጋፊዎች ራሳቸው አቋቋሙት። ባለቤት የለውም፤ አባላት አሉት። መዋጮ የከፈለ ሁሉ አንድ ድምፅ አለው፤ ሐኪሙም፣ ጡረተኛውም፣ የቡና ቤት አስተናጋጁም እኩል አንድ። አመራሩ በምርጫ ይመጣል፤ ሒሳቡ በጉባኤ ይመረመራል። ከተማዋ የወለደቻቸውና ስፔንን ለ2010 የዓለም ዋንጫ ያበቁት ቪሴንቴ ዴል ቦስኬም ስማቸውን ከእነዚህ አባላት ጋር አስመዝግበዋል።

ስታዲየም ስላልነበረው ኡኒዮኒስታስ ከኤልማንቲኮ አጥር ሥር ባለው የመሮጫ ሜዳ ተጠጋ። በ2014 ከመጨረሻው እርከን፣ ከአውራጃ ሊግ፣ ጀመረ። ተጋጣሚዎቹ የመንደር ቡድኖች ነበሩ፤ ሜዳዎቹም የመንደር ሜዳዎች። ያም ሆኖ ደጋፊው ከየመንደሩ ነዋሪ በልጦ ይገኝ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አድጎ በ2018 ወደ ሦስተኛው እርከን ደረሰ። በዚያው ዓመት የኤልማንቲኮው ቡድንም አደገ። በ2018/19 የውድድር ዘመን ሁለቱ ወራሾች በአንድ ሊግ ተገናኙ፤ አጥር ለአጥር የሚተያዩ፣ አንድ ዓይነት ማሊያ የሚወዱ፣ አንድ ሟች ያለቀሱ ጎረቤቶች።

ይህ ክርክር ቤተሰብ ለይቷል። ወደ ኤልማንቲኮ የሚሄዱት ሰዎች የሚሉት ቀላል አይደለም፤ መስማት ያስፈልጋል። አባቴ የተቀመጠበት ወንበር እዚህ ነው፤ ዳሌሳንድሮ የቆመበት ግብ እዚህ ነው፤ ፓውሌታ የሮጠበት ሣር እዚህ ነው። ባለሀብቱ ማንም ይሁን ማን፣ ሌሎች ሲሄዱ እኛ ቤቱን አልተውንም ይላሉ። ስታዲየሙ ባዶውን ቆሞ አረም እንዳይወርሰው ያደረግነው እኛ ነን የሚሉም አሉ።

በመሮጫ ሜዳው የቆሙት ደግሞ ሌላ ይላሉ። ክለቡን የገደለው አንድ መጥፎ ዓመት አይደለም፤ የክለቡ ዕጣ ድምፅ በሌለው ሕዝብ ፊት፣ በተዘጋ ቢሮ ውስጥ መወሰኑ ነው። ያንኑ አሠራር በአዲስ ባለቤት መድገም ሟቹን ሁለተኛ ጊዜ መግደል ነው ባዮች ናቸው። ሣሩና ወንበሩ ቢናፍቃቸውም ተሻግረው አልሄዱም።

በሁለቱ መካከል የቀሩም ብዙ ናቸው። በጁን 2013 ሻርፓቸውን አጥፈው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ የትኛውም ሜዳ አልረገጡም። እነርሱ ዝም ያሉት ግድ ስለሌላቸው አይደለም።

እርም ማውጣት

የሁለቱን ወራሾች ልዩነት በደንብ የሚያሳየው የስታዲየሙ ስፋት ወይም የሊጉ ደረጃ አይደለም። አንድ ጥያቄ ነው። ዩዲ ሳላማንካ ሞቷል ወይስ አልሞተም?

ኡኒዮኒስታስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዘው አቋም ግልጽ ነው። እኛ አሮጌው ክለብ አይደለንም ይላል። አሮጌው ሞቷል፤ እኛ መታሰቢያው ነን። በ1974 ያደግነው እኛ ነን፣ አልባሴቴን አምስት ያገባነው እኛ ነን አይልም። የራሱን ልደት ከ2013 ይቆጥራል።

ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ሬሳ ያልተገኘለት ወይም እርሙ ያልወጣ ሟች ቤተሰቡን አያሳርፍም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር «መጣ» ያሰኛል። ለቅሶ ተቀምጠው፣ እርም አውጥተው፣ ተዝካሩን ካወጡ በኋላ ግን ሰው ይነሣል፤ ያርሳል፣ ይወልዳል፣ ለልጁም የሟቹን ስም ያወጣለታል። ልጁ ሟቹ አይደለም። ስሙን ግን ይሸከማል። እኔ ከሁለቱ ወራሾች የኡኒዮኒስታስ መንገድ ልቤን የሚነካው በዚህ ነው። ሞቱን ሳይክድ ፍቅሩን አላቆመም። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚባለውም ለሟች ነው እንጂ ለሻጭና ለገዢ አይደለም።

> ልጁ ሟቹ አይደለም። ስሙን ግን ይሸከማል።

የስፔን መንግሥትም ዘግይቶ ቢሆን አንድ ነገር ተምሯል። በ2022 መጨረሻ የጸደቀው አዲሱ የስፖርት ሕግ ክለቦች ወደ አክሲዮን ማህበርነት እንዲለወጡ የሚያስገድደውን ድንጋጌ አንሥቷል። በአባላት የተያዘ ክለብ ከእንግዲህ በማደጉ ምክንያት ብቻ ለመሸጥ አይገደድም። ለሳላማንካ፣ ለሎግሮኜስ፣ ለሜሪዳ ግን ሕጉ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው።

መብራቱ የጠፋበት ሌሊት

ኡኒዮኒስታስ በ2020 የመሮጫ ሜዳውን ለቆ ሬይና ሶፊያ ወደተባለው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ስታዲየም ተዛወረ። መሙ ቀረ፤ ሕዝቡ ለተጫዋቾቹ ቀረብ አለ።

በጃንዋሪ 2024 ለንጉሡ ዋንጫ ቪያሬያል ወደዚያ መጣ። ከሦስት ዓመት በፊት የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ያነሣ ክለብ ነው። ጨዋታው 1 ለ 1 ሆኖ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ተሻገረ። በዚህ መሐል የስታዲየሙ መብራት ጠፋ። ተጠበቀ፤ አልመጣም። ሰዎች ስልካቸውን እያበሩ በጨለማ ቆዩ። በመጨረሻ ጨዋታው ለማግሥቱ ተላለፈ።

በማግሥቱ ሕዝቡ ተመልሶ መጣ፤ የቀረውን ጨዋታ ለማየት። ተጨማሪው ሰዓት አለቀ፤ ወደ መለያ ምት ተገባ። አንዱ ሲያገባ ሌላውም እያገባ ምቱ ረዘመ፤ በመጨረሻ ኡኒዮኒስታስ አለፈ። ቀጣዩ እንግዳ ባርሴሎና ነበር። ጃንዋሪ 18 ቀን አልቫሮ ጎሜስ ለባለሜዳዎቹ ቀዳሚውን ግብ አስቆጠረ፤ ባርሴሎና ግን 3 ለ 1 አሸነፈ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማድሪድ ያሸነፈበት ያው ውጤት።

በዚያ ሌሊት ከሕዝቡ መካከል አሮጌው ክለብ ሲፈርስ ገና ያልተወለዱ ልጆች ነበሩ። ክለቡ ሁለት ለዜሮ የተሸነፈበትን ኤልማንቲኮ፣ ጥቁሩን ጓንት፣ የአልባሴቴን አምስት ግብ የሚያውቁት ከአያቶቻቸው አንደበት ነው። በእጃቸው ግን አያቶቻቸው በመጨረሻው ዘመን ያልነበራቸው አንድ ነገር አለ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ጉባኤ ይጠራቸዋል፤ ገብተው እጃቸውን ያነሣሉ፤ እጃቸውም ይቆጠራል።